በላሁት

የመሀል ዳኛው አቶ ደገፋ አማርኛ ይችላሉ። ዐቃቤ ሕጉም ይችላል። በዕረፍት ሰዓት ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ካለችው ሻይ ቤት ቁጭ ብለው በአማርኛ ሲቀላለዱ ብዙ ጊዜ ሰምቻቸዋለሁ። ችሎት ላይ ግን የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው፤ መዝገቡም የሚጻፈው በዚያው ነው። ስለዚህ ተከሳሽ አማርኛ ብቻ የምትናገር ከሆነች እኔ መሀል እቆማለሁ። ተከሳሿ ዋፊቃ አንድ ነገር ተናግራ ዳኞቹ ፈገግ ካሉ በኋላ ነው እኔ የምተረጉመው። ተስቆ ያለቀ ቀልድ እንደ አዲስ ማቅረብ ያሳፍራል። ግን መዝገቡ የሚሰማው እኔን ብቻ ነው።

ያቤጽ እባላለሁ። እናቴ ኩየራ አስተማሪ ነበረች፤ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ደጅ አማርኛ እየተናገርኩ አደግሁ፤ ኮሌጅም ቋንቋ ተማርኩ። ለሥራው ስቀጠር እጄን አንስቼ ምያለሁ፦ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

ዋፊቃ ወንድሟን ኡበይደላን ገድላለች ተብላ ነው የተከሰሰችው። ወላጆቿ ከወሎ የመጡ ቢሆኑም ተወልዳ ያደገችው አዳማ ነው፤ ዕድሜዋ ወደ አርባ ይጠጋል፣ መብራት ኃይል አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ትሸጣለች። ወንድሟ በአሥር ዓመት ያንሳታል፤ ከአዳማ ቡልቡላ ዶልፊን ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ሁለቱም ያላገቡ ስለነበሩ ከአባታቸው በወረሱት ቤት አብረው ይኖሩ ነበር። ቤቱ ያልተጨረሰ ፎቅ ነው፤ አናቱ ላይ የውሃ ሮቶ ተቀምጧል።

አንድ እሑድ ረፋድ ላይ ተጨቃጨቁ። እሱ ቤቱ ይሸጥ ይላል፣ እሷ አይሸጥም ትላለች። ከጭቅጭቁ በኋላ ኡበይደላ ወደ ላይ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ግቢው ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ተገኘ። ዐቃቤ ሕግ ተከትላው ወጥታ ገፍትራዋለች ይላል። እሷ ደግሞ ውሃ ጠፍቶ ስለነበር ሮቶውን እይልኝ ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ፣ ሲወድቅ ወጥ ቤት ነበርኩ ትላለች። ጎረቤታቸው ጉዲቱ ጭቅጭቁን ሰምታለች፣ ሲወድቅ ግን አላየችም። የሐኪም ወረቀቱ ከከፍታ ወድቆ ጭንቅላቱ መጎዳቱን ይናገራል፤ ተገፍትሮ ይሁን ተንሸራቶ አይናገርም። እኔም አላውቅም። እዚያ አልነበርኩም።

መንግሥት ያቆመላት ጠበቃ ፍሬዘር ይባላል። ጥሩ ልጅ ነው፤ ያን ሰሞን ግን በእጁ ሠላሳ ምናምን መዝገብ ነበረው። ለሁለተኛ ጊዜ ሲያገኛት «በንዴት ሳላስበው ገፋሁት በይ፤ ቅጣቱ ይወርድልሻል» አላት። በሦስተኛው ቀጠሮ ዋፊቃ ተነስታ ቆመች።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይሄን ልጅ አሰናብቱልኝ።»

«ለምን?» አሉ አቶ ደገፋ።

«ያላደረግሁትን አደረግሁ በይ ይለኛል። ለውሸቱማ ጠበቃ ምን ያደርግልኛል? ይሄን ሁሉ ዓመት ኦርጅናል ነው እያልኩ መለዋወጫ ሸጫለሁ።»

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። አቶ ደገፋም ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ መዝገቡ አጎነበሱ። እኔ ፊቴን ኮስተር አድርጌ ተረጎምኩ።

«ክሱ ከባድ ነው» አሏት። «እስከ ሃያ ዓመት ሊያስቀጣ ይችላል። ብቻሽን መከራከር ትችያለሽ?»

እሳቸው «አንቺ» ያሉትን እኔ «እርስዎ» አድርጌ አደረስኩላት። ይህችን ያህል እንኳ ትፈቀድልኛለች ብዬ።

«የራሴን ነገር ከኔ በላይ ማን ያውቃል?» አለች።

ፍሬዘር ፋይሉን ይዞ ወጣ። ያዘነም የቀለለውም ይመስል ነበር።

በቀጣዩ ቀጠሮ ዐቃቤ ሕጉ ለፖሊስ የሰጠችውን ቃል በማስረጃነት አቀረበ። በኦሮምኛ፣ በቁቤ ፊደል የተጻፈ ሁለት ገጽ ነው፤ ከግርጌው የዋፊቃ ፊርማ አለበት። ወደ አማርኛ እየመለስኩ እንዳነብላት ታዘዝኩ። ስለ ጭቅጭቁም፣ ስለ ሮቶውም ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። የመጨረሻው መስመር ላይ ደረስኩ።

«ወንድሜን ገደልኩት።»

«እሱን ከየት አመጣኸው?» አለችኝ።

«እዚህ ተጽፎ ነው እትዬ ዋፊቃ። አጄሴ ይላል። ገደልኩ ማለት ነው።»

«እኔ ወንድሜን በላሁት ነው ያልኩት።»

በአማርኛ ያደገ ሰው ማብራሪያ አይሻም። እናቴም ታናሽ እህቴ በወባ የሞተች ጊዜ ደረቷን እየመታች «በላሁሽ» ብላለች፤ ገደልሽ ያላት ግን አልነበረም። ቃሉን የተቀበለው ፖሊስ አማርኛውን ሰምቶ በኦሮምኛ ሲጽፍ ትርጉሙ የመሰለውን መርጧል። እሷም ማንበብ የማትችለው ወረቀት ላይ እያለቀሰች ፈርማለች።

አቶ ደገፋ ጥቂት አሰቡ። «ቃሉን የተቀበለው ፖሊስ በሚቀጥለው ሳምንት ይመሰክራል። ይህን በመስቀለኛ ጥያቄ ልትጠይቂው ትችያለሽ» አሏት። ከዚያ በላይ መሄድ አይችሉም ነበር፤ ያም ብዙ ነው።

በሳምንቱ ጠዋት ኮሪደሩ ላይ አገኘኋት። አጠገቧ የተቀመጠችው አጃቢ ፖሊስ ለውዝ እየፈለፈለች ትበላለች።

«አንተ ልጅ» አለችኝ ዋፊቃ፣ «ምን ብዬ ልጠይቀው?»

ጥያቄው አምስት ቃል ነበር። በአማርኛ ያልኩህ ቃል ምን ነበር? ምላሴ ላይ መጥቶ ቆሟል።

«ማማከር አልችልም እትዬ። ምዬ ነው የምሠራው።»

«ማን ይሰማሃል? እሷ ናት?»

«እኔ ጆሮዬን ያመኛል» አለች አጃቢዋ፣ ቀና ሳትል።

ሁለቱም ጠበቁኝ። ለአንዱ ተከሳሽ ሹክ የሚል አስተርጓሚ ነገ ለሌላው ቤተሰብም ሹክ ሊል ይችላል። ይህን አምናለሁ፤ ያን ጠዋትም አምን ነበር።

«ፍሬዘርን ቢያነጋግሩት?»

«ገፋሁት በይ ያለኝን?» አለችና ፊቷን አዞረች።

ፖሊሱ ሳጅን ጋሮምሳ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሰው አክባሪ ሰው። ሲምል እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። በዐቃቤ ሕጉ ተጠይቆ የጻፈውን አረጋገጠ። ከዚያ ተራው የዋፊቃ ሆነ።

«ያን ቀን ቃሌን የሰጠሁት በአማርኛ ነው በኦሮምኛ?»

«በአማርኛ።»

አቶ ደገፋ ብዕራቸውን አነሱ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የቀረው።

«ስናገር አለቅስ ነበር?»

«በጣም ታለቅሺ ነበር።»

«ሳጅን፣ አንተ ብዙ ሰው መርምረሃል። የሚዋሽ ሰው ታውቃለህ። እኔ ያን ቀን የምዋሽ መሰልኩህ?»

እየተረጎምኩ ወደየት እንደምትሄድ ገባኝ።

ጋሮምሳ በአዘኔታ አያት። «አልመሰልሽኝም» አለ። «ከልብሽ ነው የተናገርሽው። ከጻፍኩት ውስጥ ውሸት ነው ያልኩት አንድም የለም።»

ዋፊቃ ወደ ዳኞቹ ዞረች። ፊቷ በርቶ ነበር፤ እንደዚያ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። «ይኸው» አለች። «ፖሊሱ ራሱ አትዋሽም ብሎ መሰከረልኝ። ጨርሻለሁ።»

«ድጋሚ ጥያቄ የለኝም» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

አቶ ደገፋ ግን አላለፉትም። ፍርድ ቤቱ የማጣሪያ ጥያቄ አለው ብለው ወደ ጋሮምሳ ዞሩ። «በአማርኛ የተናገረችው ቃል የትኛው ነው?»

ሳጅኑ ሸምቀቅ አለ። «በላሁት ያለች ይመስለኛል፣ ክቡር ፍርድ ቤት። ግን አንድ ነው። ሰው ባሏን በላችው ሲል ምን ማለቱ ነው?»

እውነቱን ነው። እንደዚያም ይባላል።

«ተከሳሽ» አሉ አቶ ደገፋ፣ ቀስ ብለው፣ እኔ እስክጨርስ እየጠበቁ። «በላሁት ስትዪ ስለ ሐዘንሽ መናገርሽ ነበር፣ ወይስ ለሞቱ ተጠያቂ ነኝ ማለትሽ?»

በሩን ከፍተውላት ነበር። ስለ ሐዘኔ ነው ብትል ይበቃ ነበር። ዋፊቃ የተከሳሽ ሳጥኑን እንጨት በሁለት እጇ ያዘች።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ እሱ ደክሞታል፣ ነገ አየዋለሁ ብሎኝ ነበር። እኔ ነኝ ‹ቤት ለመሸጥ ወንድ ነህ፣ ሮቶ ለማየት ግን አይደለህም› ያልኩት። በንዴት እየሮጠ ወጣ። ታዲያ ከኔ በቀር ማን በላው? አልበላሁትም ብዬ ነገ አላህ ፊት ልቁም? ብያለሁ። አሁንም እላለሁ፤ ወንድሜን እኔ ነኝ የበላሁት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ሁሉንም አንድ በአንድ ተረጎምኩ፤ ሮቶውን፣ ወንድ ነህ ያለችውን፣ አላህ ፊት መቆሙን። የመጨረሻው ቃል ላይ ስደርስ እንዳለ አስቀመጥኩት። «አናቱ ኛዼ» አልኩ፤ የበላሁት እኔ ነኝ።

ዐቃቤ ሕጉ ተነሳ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሰው አይበላም። አስተርጓሚው ሐሳቡን ይተርጉምልን።»

«ይህ ቃል በሐዘን ጊዜ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ያቤጽ» አሉ አቶ ደገፋ። አልተቆጡም። «አንተ ምስክር አይደለህም። በምትችለው ትክክለኛ አነጋገር አስመዝግብልን።»

አሰብኩ። ገደልኩት ብል ሐሰት ነው። አዘንኩለት ብልም ሐሰት ነው፤ እሷ ያለችው ከሐዘን ያልፋል። ለሁለቱም ያላዳላ፣ ከተናገረችው ያልበለጠ፣ ያላነሰ ነገር ፈለግሁ። በመጨረሻ ያገኘሁት «የሞቱ ምክንያት እኔ ነኝ» የሚል ነው። በኦሮምኛ ጥርት አድርጌ አልኩት። ጸሐፊዋ ጻፈችው። ዛሬ ቢጠይቁኝም ከዚያ የተሻለ አላውቅም።

ተከላከይ ተብላ መከላከያ ምስክር ስትጠየቅ «ወጥ ቤት ሆኜ ማን ያየኛል?» አለች። ከሁለት ወር በኋላ ፍርዱ ተነበበ። አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ በጥንቃቄ የተጻፈ። ለፖሊስ የተሰጠው ቃል የትርጉም ጥርጣሬ ስላለበት ብቻውን ክብደት አልተሰጠውም ይላል። ቀጥሎ ግን ተከሳሽ በግልጽ ችሎት፣ በራሷ ፈቃድ፣ በንዴት ተጨቃጭቃ እንደነበርና የሞቱ ምክንያት እሷ እንደሆነች አምናለች፤ ይህም አሻሚ ቃል በሌለበት ሁኔታ ተመዝግቧል ይላል። ጥፋተኛ።

ያን አንቀጽ ወደ አማርኛ መመለስ የኔ ሥራ ነበር። ዋፊቃ አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።

«ይሄኛውን ብያለሁ» አለች።

አቶ ደገፋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቅጣት የሚያቀልልሽ ነገር ካለ ተናገሪ በላት።»

ነገርኳት። ያን ሁሉ ወር ስትናገር የምታየው ዳኞቹን ነበር፤ አሁን ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ሁሉንም ሰምተሃል» አለችኝ። «አንተ ምን ትላለህ?»

«ምን አለች?» አሉ አቶ ደገፋ፣ ራሳቸው የሰሙትን መልሰው።

«‹ሁሉንም ሰምተሃል፣ ምን ትላለህ› ብላ አስተርጓሚውን ጠይቃለች» ብዬ ተረጎምኩ።

ጸሐፊዋ መጻፍ አቆመች። አቶ ደገፋ ወደ ጠረጴዛቸው አዩ፤ ሲናገሩ ድምፃቸው ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። «አስተርጓሚው የሚለው ነገር የለውም በላት።»

«የምለው ነገር የለኝም» አልኳት።