ስልከኛውና የአባቴ ጎራዴ

አባቴ ባላምባራስ እንደሻው ስልከኛን ከሰው አይቆጥሩም። «ሽቦ ላይ ተንጠልጥሎ የሰው ወሬ የሚሰማ!» ይላሉ። እኔ ደግሞ ልቤ የወደደው የሐረሩን ስልከኛ ኪዳነወልድን ነው፤ ምን ላድርግ? ሽማግሌ ቢልክ ሳቁበት። «ሽቦው ጎራዴዬን ካነሳ ልጄን ጽጌን ይውሰዳት፤ ካላነሳ ለሶፊው ባለርስት እድራታለሁ» አሉ። ከሐረር ወጣ ብሎ ሶፊ የሚኖረው ይህ ባለርስት እኮ የአባቴ እኩያ ነው!

ኪዳነወልድ ስሌት ጀመረ። ብረት ዘንግ ላይ ሽቦ ተጠምጥሞ ከባትሪ ሲገናኝ ዘንጉ ብረት ይስባል። «ዙሩን እጥፍ ካደረግሁት ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል» አለኝ። ሽቦው እርስ በርሱ እንዳይነካካ፣ በከተማው ግንብ ኤረር በር አጠገብ ክር ከምትሸጠው ከጃሚላ የሐር ክር ለምኜ የጠቀለልሁበት እኔ ነኝ፤ ጣቴ ተላጠ። በማጭድ ስንሞክረው ጧ! ብሎ ተጣበቀ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

በቀጠሮው ቀን አባቴ በሽማግሌዎቹ ፊት ጎራዴውን ከነሰገባው አጋደሙት። ኪዳነወልድ ክው አለ።

«ባላምባራስ፣ ያሰላሁት ለባዶው ብረት ነው። በቆዳው ውፍረት ርቀቱ እጥፍ ከሆነ ጉልበቱ ሩብ ብቻ ይቀራል። ቢመዙልኝ?»

«ለሽቦ ብዬ ጎራዴ ልምዘዝ? ጎራዴ የሚመዘዘው ለጠላት ወይ ለፉከራ ነው!»

የሽቦ ጥቅልሉን ቢያስጠጋው ጎራዴው ንቅንቅ አላለም። አባቴ ጢማቸውን ጠቀለሉ። የሶፊው ባለርስት ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

ለፉከራ አሉ አይደል? እልልታዬን አቀለጥሁት! «የእንደሻው ልጅ ነኝ! የጀግናው!»

አባቴ እንዲህ ተብለው መቀመጥ አይሆንላቸውም። «ዘራፍ!» ብለው ተነሱ፣ መዘዙ፣ ወዲያ ወዲህ ተወዛወዙ። ጎራዴው ወደ ኪዳነወልድ ሲመጣ እሱ ደንግጦ ጥቅልሉን እንደ ጋሻ ከፊቱ ደቀነ። ጧ! አባቴ ቢጎትቱ ጎራዴው፣ ጥቅልሉ፣ ኪዳነወልድ ተያይዘው መጡ።

«ልቀቅ!»

«እኔ አልያዝሁም፣ ባላምባራስ!»

የዋህ! ባትሪውን ሊነቅልላቸው እጁን ሲሰድ እግሩን ረገጥሁት። ሽማግሌዎቹ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አባቴ ሲያለከልኩ ቆዩና፣ «በቃ፣ ልጄን ውሰዳት! ጎራዴዬን መልስልኝ!» አሉ።

አሁን ሊጠይቁን ሲመጡ ጎራዴውን ደጅ ትተው ነው የሚገቡት።

«አባባ፣ እስከ ዛሬ ባሌን አያምኑትም?» አልኋቸው አንድ ቀን።

«ባልሽንማ አምነዋለሁ» አሉ፤ «የማላምነው እልልታሽን ነው።»