ግድግዳው ላይ የወጣው መልእክት

"ማውሱን ልቀቂው፣ እኔ ላሳይሽ" አለች እትዬ ገመድ፣ የአዲሷን መምህርት እጅ ገፋ አድርጋ።

አዲሷ ለቀቀች። ምን ታድርግ? እትዬ ገመድ ለጀማሪ መምህራን ኮምፒውተርና ፕሮጀክተር ማሠልጠን ከጀመረች ወዲህ ማውስ ያልነጠቀችው ሰው የለም። ስሙን ያወጡላትም እነሱው ናቸው፤ የኮምፒውተር ገመድ አንገቷ ላይ ሳታንጠለጥል ታይታ አታውቅማ። "ላሳይሽ" ትላለች፣ ጠቅ ጠቅ ታደርጋለች፣ ነገሩ ያልቃል፣ ሠልጣኟ ምንም ሳታይ ትቀራለች። ክፉ ሆና እንዳይመስላችሁ፤ መጠበቅ አይሆንላትም።

ዛሬ የአዲሷ ኮምፒውተር አልነሳ ስላለ እትዬ ገመድ የራሷን አምጥታ ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኝታለች። ሌሎች ጀማሪዎች ኋላ ተቀምጠው ያያሉ፤ ፊት ለፊት የሁለተኛ ክፍል ልጆች ታጭቀዋል። ትምህርቱ ንባብ ነው። ደንቡም ቀላል ነው፦ ግድግዳው ላይ የወጣውን ሁሉ ልጆቹ ባንድ ድምፅ ያነባሉ።

"ዶሮዋ ዝናብ ፈራች" አነበቡ ልጆቹ።

እትዬ ገመድ ከጎን ቆማለች፤ ልቧ ግን እዚያ የለም። እናቷ አልጋ ከያዙ ወዲህ እንዲሁ ናት። ወንድሟ ይደውላል፣ እሷ ሥልጠና ላይ ነኝ ብላ ትዘጋለች። እናቷ በልጅነቷ ለአክስቷ ሰጥተዋት ወንድሟን እጃቸው ላይ ስላሳደጉት፣ ቂም ይዛ ነው እያሉ ያሟታል። ቂም ቢሆን እኮ ደግ ነበር። ውስጧን ብትፈልግ ብትፈልግ ምንም የለም።

ያኔ ግድግዳው ጥግ ላይ አንድ ሳጥን ብቅ አለ። መልእክት ነው። ከፕሮጀክተር ጋር ከማገናኘታችሁ በፊት መልእክት እንዳይመጣ አጥፉ ብላ በየሥልጠናው የምትወተውተው እሷ ናት፤ የራሷን ረሳችው።

ልጆቹ ምን ቸገራቸው? አነበቡት።

"እታለም፣ እማዬ ሌሊቱን ሙሉ ስትጠራሽ አደረች። ሐኪሙ ብዙ አትቆይም ብሎናል። ዛሬ የማትመጪ ከሆነ ቁርጡን ንገሪኝ።"

"ቁርጡን" ላይ ትንሽ ተደናቅፈው ተወጡት።

"እታለም ማናት?" አለች ፊት ወንበር ላይ ያለች ልጅ።

አዲሷ እትዬ ገመድ ማውሱን ትነጥቀኛለች ብላ ጠበቀች። እትዬ ገመድ ግን ግድግዳውን እያየች ድርቅ ብላ ቀረች። ጨነቃትና አዲሷ ራሷ ፈላልጋ ሳጥኑን ዘጋችው። ሌላ እንዳይመጣም ማጥፊያውን አገኘች።

"እሺ ልጆች፣ ዶሮዋ የት ነበረች?" አለች።

ከክፍል ሲወጡ አዲሷ ኮሪደሩ ላይ ተከተለቻት።

"እትዬ፣ ለምን አይሄዱም?"

"ከሰዓት ሥልጠና አለ።"

"እኔ እሰጣለሁ።"

"አንቺ? ማብሪያውን እንኳ ትናንት አይደል ያገኘሽው?"

"ብሳሳት ኮምፒውተሩ አይነክሰኝ።"

እትዬ ገመድ ሳቋ ሊመጣ ብሎ ቀረ። ግራ ቀኝ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ብሄድ አላለቅስም። አውቀዋለሁ፣ እንደ ግንድ ነው የምገተረው። እሳቸውም ያዩኛል። እሱን ነው የፈራሁት።"

አዲሷ መሬት መሬቱን አየች። "እናትዎ እኮ መጥተሽ አልቅሺልኝ አላሉም። የጠሩት እርስዎን ነው።"

የእትዬ ገመድ ውስጧ አሁንም ያው ነበር፤ ምንም የተነቃነቀ ነገር የለም። የሆነው ሆኖ ኮምፒውተሯን አዲሷ ጋ ትታ፣ እየሄደች ወንድሟ ጋ ደወለች።

"ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርግላቸው" አለችው።

"ምን ልትያት ነው?"

"አላውቅም። ብቻ አድርግላቸው።"

ትንሽ ቆይቶ የሚያቃስት ትንፋሽ ተሰማት።

"እኔ ነኝ" አለች።

ከዚያ በኋላ ምን እንደሚባል ጠፋት። እንባውም አልመጣም። ቢሆንም ስልኩን አልዘጋችውም፤ የምታልፍበትን ሁሉ ትነግራቸው ጀመር።

"አሁን ከትምህርት ቤቱ ወጣሁ። አሁን መንገዱን ተሻገርኩ። አሁን አውቶቡስ እየጠበቅኩ ነው፣ እማዬ።"