የበዛብህ ጉልበት

ሸዋንግዛው ቀን አሰብ ወደብ ላይ በያጅ፣ ከሥራ በኋላ ደግሞ የወደቡ ወርክሾፕ እግር ኳስ ቡድን አሠልጣኝ ነበር። የሚያምናቸው ዐሥራ አንድ ተጫዋቾች ነበሩት፤ ከእነሱ ሌላ ሰው ዓይኑ አይገባም። በተጠባባቂነት የተመዘገቡ አራት ወጣቶች ሁለት ዓመት ሙሉ መረብ ሲያስሩና ኳስ ሲነፉ ከርመዋል። አንጋፋው ተከላካይ በዛብህ፣ የክሬን ኦፕሬተሩ፣ "እነዚህን ልጆች ከአሁኑ አሟሻቸው፤ የሰው እግር ብረት አይደለም" ቢለው፣ "ዋንጫ በልጅ አይበላም" ብሎ ሳቀበት።

በ1974 ዓ.ም. ለሠራተኞች ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ሳምንት ሲቀር ሁለት ተጫዋች ተጎዳበት፤ ሳይወድ ከወጣቶቹ ሁለቱን ተካ። በጨዋታው ቀን ደግሞ በዛብህ ጉልበቱ አብጦ እያነከሰ መጣ።

"ዛሬ አልችልም፣ ሸዋ።"

"አንተ ከሌለህ ማን አለኝ?"

"ሁመድ አለ።"

ሁመድ፣ ከራሔይታ መንደር የመጣው ተጠባባቂ ወጣት፣ አጠገባቸው ቆሞ ይሰማል። ሸዋንግዛው ዘወር ብሎም አላየው። የበዛብህን ጉልበት በፋሻ ጠፍሮ፣ "እስከ ዕረፍት ብቻ፤ በሞቴ!" አለው።

በዛብህ የሰው ልመና እምቢ ማለት አይችልም፤ ገባ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ኳስ ሊነጥቅ ሲዞር ጉልበቱ ከዳው። ጩኸቱ ሜዳውን ጸጥ አሰኘው። እሱ በቃሬዛ ሲወጣ ሁመድ ገባ። ልጁ ሲሮጥ ነፋስ ነው፤ ግን የት እንደሚቆም ያሳየው አልነበረም። ሁለቴ ቦታውን ስቶ ሁለት ጎል ገባባቸው፤ በዚያው ተሸነፉ። ተመልካቹ ሲሰድበው ሸዋንግዛው መሬት መሬቱን ያይ ነበር፤ ስድቡ ለማን እንደሚገባ ያውቀዋል።

የባሰው ሰኞ መጣ። የስፖርት ኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ቸሩ ጠርቶ፣ "ታሞ ሳለ ለምን አሰለፍከው?" ሲለው፣ "ደብቆኝ ነው፤ ደህና ነኝ ብሎኝ" አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ጆሮው ድረስ ጋለ፤ ግን ሳያርመው ወጣ። በዛብህም በገዛ ጥፋቱ ተጎዳ ተብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው።

ሸዋንግዛው ሊጠይቀው ሆስፒታል ድረስ እየሄደ ከበር ይመለስ ጀመር። አንድ ቀን የበዛብህ ሚስት ፋናዬ አየችው።

"ግባ እንጂ፤ ሲጠብቅህ ነው የከረመው።"

በዛብህ ተቆጥቶ አልጠበቀውም፤ ያ ነው የከበደው።

"ሐኪሙ ከእንግዲህ ክሬን ላይ አትወጣም ብሎኛል" አለ ቀስ ብሎ። "እሱስ የእግዜር ነው ልበል። ደበቀኝ ያልከው ግን ያንተ ነው።"

ሸዋንግዛው አንገቱን እንደደፋ ወጥቶ በቀጥታ ቸሩ ቢሮ ገባ። ጸሐፊዋና ሁለት ባለጉዳዮች እየሰሙ፣ "ዋሽቻለሁ" አለ። "አልችልም ብሎኝ ነበር። ለምኜ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ተተኪ ስላላዘጋጀሁ።"

ደብዳቤው ተሰረዘ። ሸዋንግዛው ከዋና አሠልጣኝነት ተነሥቶ፣ "የናቅኻቸውን አሠልጥን" ተብሎ አራቱ ወጣቶች ተሰጡት። በመጀመሪያው ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ሰብስቧቸው፣ "ሁመድ፣ ያን ቀን የተሰደብከው በእኔ ጥፋት ነው" አለ።

"አውቃለሁ፣ ጋሼ" አለ ልጁ።

በዓመቱ ከአራቱ ሦስቱ ቋሚ ተሰላፊ ሆኑ። በዛብህ ምርኩዙን ይዞ ሜዳ ዳር እየመጣ ልጆቹን ይመክራል፤ ለሸዋንግዛው ግን ከሰላምታ በቀር ቃል የለውም። ሸዋንግዛውም በዛብህ እያነከሰ ሲመጣ ባየ ቁጥር ዓይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል።