እዚህ ላይ ዝናብ ይዝነብ

ልብስ ሰፊውን የሰደበው ዋና አርታኢው ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ፤ የልጆች ተረት መጽሐፉ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት፤ አሳታሚው ድርጅት ፎቅ ላይ፣ ወንበሮቹ ሁሉ ከየቢሮው ተለቃቅመው በመጡበት ክፍል ውስጥ። አርታኢው በግራ እጁ ብስኩት፣ በቀኝ እጁ ብርጭቆ ይዞ ተነሣ። ብስኩቱን አላምጦ ሳይውጥ ነው የተናገረው። ይህንንም ልብስ ሰፊው አልረሳም።

«ክቡራትና ክቡራን፣ የዚህ መጽሐፍ ምርጡ ዐረፍተ ነገር የቱ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ደራሲው ሳያስበው በስህተት የገባው!»

ቤቱ አውካካ። መጀመሪያ የሳቀው የመጽሐፉ ሠዓሊ ነው። ሁለተኛዋ፣ እስከ ዛሬ ከሆዱ አልወጣ ያለችው፣ የገዛ ታላቅ እህቱ ናት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር፤ ትከሻዋ ሲነቃነቅ ግን አየው። ልብስ ሰፊ ደግሞ ትከሻ ያውቃል።

ከዚያን ቀን ወዲህ እህቱ ቤት ዝር አላለም። መጀመሪያ ልጆቿን ላከችበት። ቀጥላ ሽማግሌ ላከችበት። በኋላ ተወችው። እሱም በተራው ስለተወችው ተቀየማት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነበር። ትምህርቱ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረው የስፌት መኪናው ነው። ልጅ መለካት ማለት ዓሣ በእጅ እንደመያዝ ነው፤ ክንዱን ያዝኩ ስትል ወገቡ ይወጣል። ስለዚህ ተረት ጀመረ። «ቀጥ ብለህ ቁም፣ ኤሊዋ ምን እንዳለች ልንገርህ» ይላል። ልጁ እንደ ግንድ ይደርቃል፤ ሜትሩ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል። ተረቱ ከልኬቱ ጋር ያልቃል። የቀረውን መስማት የሚፈልግ፣ ልብሱን ሊወስድ ሲመጣ ይሰማል። ልጆቹ አባባ ሜትር ይሉት ነበር። እናቶቻቸው «እባክህ ያቺን የኤሊዋን ነገር ጻፋት፣ ቤት ገብተው እኛን ነው የሚያደርቁን» አሉት። ጻፋት።

ካፖርት ያማራት ኤሊ ናት። ልብስ ሰፊ ዘንድ ትሄዳለች፤ ይለካታል፣ ይለካታል፣ ለዚያ ጀርባ የሚሆን ልብስ የለም። «ሌላ ቦታ ሞክሪ» ይላታል። ኤሊዋ ትወጣለች። እዚህ ጋ ለሠዓሊው ማስታወሻ ጻፈለት፤ ምክንያቱም ሠዓሊው ካልተነገረው በየገጹ ፀሐይና አበባ ከመለጠፍ የማይመለስ ሰው ነበር። «እዚህ ላይ ዝናብ ይዝነብ። ማንም አይታይ።» ማስታወሻ ከተረቱ ተለይቶ፣ በዳር በኩል እንደሚጻፍ አላወቀም፤ ማን ነግሮት? ታይፕ የምትመታዋ ሴት እንዳገኘችው መታችው። አርታኢውም አነበበና አለፈው። ታትሞ ወጣ። ኤሊዋ ከሱቁ ትወጣለች፤ ወዲያው፣ ከየት መጣ ሳይባል፣ ዝናቡ።

እንግዲህ ስህተቱ የሦስት ሰው ነው። የተሳቀበት አንዱ ነው።

መጽሐፉ ሳይታሰብ አለቀ። ድጋሚ እናትም ሲሉት «ያቺ መስመር ትውጣ» አለ። «እሷ ከወጣች ማን ይገዛዋል?» አሉት። «እንግዲያው ይቅር።» ቀረ። ከዚያ በኋላ ሌሎች ተረቶችም አሳተመ፤ ለሠዓሊው የሚለውን በሌላ ወረቀት፣ በቀይ ቀለም፣ እያሰመረበት። የተጣሩ፣ የተተኮሱ፣ አንድ ክር ያልተንጠለጠለባቸው መጻሕፍት። ማንም አልሳቀባቸውም። ማንም ምንም አላለባቸውም።

የለካቸው ልጆች ሱሪያቸው አጠረ፤ ሌላ ሰፊ ዘንድ ሄዱ፤ ጢም አወጡ። መንገድ ላይ ሲያገኙት «ይቅርታ፣ የት ነው የማውቅዎት?» ይሉታል። ለትልልቅ ሰዎች የሚጽፍ ደራሲ አንባቢው አብሮት ያረጃል፤ ለልጆች የሚጽፍ ግን አንባቢው ጥሎት ያድጋል። ልብስ ሰፊ ሲሆኑበትማ ሁለት ጊዜ መጣል ነው። ኋላ ላይ ተሰፍቶ የሚመጣ ዩኒፎርም ገበያውን ሞላው፤ አሁን ሱቁ የሚገባው ዚፕ የተበላሸበት ብቻ ነው። ምሳውን ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ይበላል። ለአንድ ሰው ሰሐን ማቆሸሽ ምን ያደርጋል ብሎ ከድስቱ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ እግር ገባች። ዓይኑን ወደ ቦርሳዋ ላከ።

«ዚፑ ነው?»

«ኧረ አይደለም ጋሼ። ከአሳታሚው ነው የመጣሁት፤ አዲሷ አርታኢ ነኝ። ኤሊዋን ድጋሚ ልናትማት ነው።»

«ያቺ መስመር...»

«ሰምቻለሁ። እርስዎ ትውጣ ካሉ ትወጣለች። ለእኔ እንኳን ልጅ ሆኜ... ተዉት። መጽሐፉ የእርስዎ ነው።»

ልብስ ሰፊው መርፌውን ደረቱ ላይ ሰካ። ዕድሜ ልኩን በትከሻው ሲገፋው የኖረ በር ከውስጥ ሲከፈትለት በአፍ ጢሙ ሊደፋ ምንም አልቀረው።

«አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎ» አለች። «ሐሙስ እዚህ ታች ያለው ትምህርት ቤት መጥተው ለልጆቹ ያንብቡላቸው። ሲጨርሱ እዚያው ይነግሩኛል። የዚያኑ ቀን ወደ ማሽን ይገባል። አውጪው ካሉኝ አወጣዋለሁ፤ ምንም ካላሉኝ ግን እንደነበረው ነው የሚታተም።»

«ለምን ምንም አልልም? አፍ የለኝም?»

«ይኑርዎት እንጂ ጋሼ!» ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

አፍ ነበረው። የሚለውንም ካዘጋጀ ዘመን ሆኖታል። «በስህተት የገባ ነገር በጊዜው ይወጣል።» ይኸው ነው። ፊቱን እየተላጨ ይለዋል። መኪናውን ዘይት እያጠጣ ይለዋል። የቀረው የሚሰማው ሰው ብቻ ነበር።

ሐሙስ ኮቱን ተኩሶ ሄደ። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ጠባብ ክፍል ናት፤ ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ እግራቸው መሬት የማይደርስ ልጆች። መምህሯ የሰጠችው መጽሐፍ ጀርባው በፕላስተር ተጠግኗል፤ የገጾቹ ጠርዝ በልጅ እጅ ብዛት እንደ ጨርቅ ለስልሷል። የራሱን መጽሐፍ እንዲህ አርጅቶ አይቶት አያውቅም። ቀና ሲል በሩ አጠገብ፣ ከዘራውን በጉልበቶቹ መካከል ተክሎ፣ ዋና አርታኢው ተቀምጧል። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ልጅቷ ጋብዛው ኖሯል። ልብስ ሰፊው ማርጀቱን አይቶ ደስ ሊለው ሞከረ፤ የሰውየው ኮት ከትከሻው ሁለት ጣት ወርዶ ሲያይ ግን ደስታው እምቢ አለው። ቢሆንም መምጣቱን ወደደው። ሰሚው ራሱ መጣለት።

ማንበብ ጀመረ። ልጆቹ እንደ ድሮዎቹ ደረቁለት። «ኤሊዋም ከሱቁ ወጣች» አለና ገጹን ገለጠ። «በማግሥቱ...»

«ኧረ አባባ!»

«ዘለሉት!»

«አልዘለልኩም።»

«ዘልለሃል! ዝናቡን ዘልለሃል!» አለች ፊት ለፊቱ የተቀመጠች፣ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ።

ጎረቤቷ በክርኗ ጎሰመቻት። «አንተ አይባሉም፣ ትልቅ ሰው ናቸው።»

«ትልቅ ሰው ታዲያ ይዘላል?»

መምህሯ ተይ ልትል ተነሣች፤ ቀደሟት። አንዱ በጣቱ ጠረጴዛውን መታ፤ ጠብ። ሌላው ቀጠለ። ወዲያው ጣት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ወረደና ክፍሉ በአንዴ የቆርቆሮ ጣሪያ ሆነ። «እዚህ ላይ ዝናብ ይዝነብ!» ሲሉ ግድግዳው መለሰው። ከዚያ ጣቶቹ በአንድ ጊዜ ቆሙ። «ማንም አይታይ!» አሉና ሁሉም ጠረጴዛ ሥር ገቡ።

ጭጭ።

ከፊቱ ባዶ ወንበር ብቻ ቀረ። ይህን ጨዋታ ማንም መምህር አላስተማራቸውም፤ መምህሯ ኋላ እንዳለችው ትልልቆቹ ለትንንሾቹ እያወረሱት የመጣ ነው፤ እሷም ተማሪ ሳለች ጠረጴዛ ሥር ገብታለች። ልብስ ሰፊው ግን ያን ጊዜ የሚያየው ሌላ ነበር። ትምህርት ተከፍቶ፣ የመጨረሻው ዩኒፎርም ተወስዶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከሱቁ በር ላይ የቆመበት ጠዋት ነበር የታየው። እስከሚቀጥለው ዓመት የሚመጣ ልጅ የለም። መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ባዶ። ገብቶ ያቺን ማስታወሻ ጻፈ። ዝናብ እንኳ አልነበረም ያን ቀን። ዝናቡን የጨመረው እሱ ነው፤ ሰው ለመጥፋቱ ምክንያት እንዲኖረው።

ከጠረጴዛ ሥር የጥርሰ ወላቃዋ ድምፅ መጣ። «አባባ፣ ኤሊዋም አትታይም?»

«ኤሊዋማ አለች» አለ ሳያስበው። «ሰው ነው የሌለው።»

«ሰው ከሌለ፣ እሷ እንዳለች ማን አወቀ?»

«እኔ» አለ።

መልሱ የበቃት መሰለች። ልጆቹ ከጠረጴዛ ሥር ወጡ፤ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ጨረሰላቸው። ደወል ሲደወል ገፍተውት ወደ ግቢው ፈሰሱ።

አዲሷ አርታኢ ስልኳን በእጇ ይዛ መጣች። «እሺ ጋሼ። ላውጣት?»

ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ጠረገ። ከዘራው ግን ቀደመው፤ ኳ፣ ኳ፣ እያለ አጠገቡ ደረሰ።

«አንተ! አባባ ሜትር! አለህ እንዴ?» አርታኢው እጁን ዘረጋለት፤ የልብስ ሰፊውም እጅ እስኪዘረጋ ሳይጠብቅ ያዘው። «ሰማሃቸው አይደል? ሰማሃቸው? እኔ አላልኩም? ያን ቀን ፎቅ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት ተነሥቼ፣ ምርጧ ዐረፍተ ነገር ይቺ ናት ብዬ መሰከርኩልህ እኮ! ቤቱ በጭብጨባ ሲናጋ ትዝ ይልሃል?»

ልብስ ሰፊው ፊቱን አጠናው። ሹፈት ፈለገበት፤ አጣ። የወጋ ይረሳል ሲባል ሰምቷል። ወግቶ ሲያበቃ አጉርሻለሁ ብሎ የሚያስታውስ ግን አልሰማም።

«ሁሌ ልጠይቅህ እያልኩ» አለ ሽማግሌው፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ የእርጅና ይሁን የሌላ አይታወቅም። «እኔ እንኳ ሚስቴ ካረፈች ወዲህ ጠዋት ጠዋት መስኮት ስከፍት እላታለሁ። ማንም አይታይ። እንዴት መጣችልህ? ከየት አመጣሃት?»

«ጋሼ፣ ማሽኑ እየጠበቀን ነው» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «ላውጣት?»

ያ ሁሉ ዘመን የተዘጋጀው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። የተሰፋው ግን ለሌላ ሰው ትከሻ ነው፤ ለዚህኛው ከትከሻው ይወርዳል። ሌላውን፣ የሱቁን በርና ባዶውን መንገድ ደግሞ፣ ለማንም ነግሮ አያውቅም፤ ለዚህ ሰው ሊጀምር ነው?

እጁን ከሽማግሌው እጅ አወጣ። የኮቱን ቁልፎች ከላይ እስከ ታች ቆለፈ። በሁለቱ መካከል አልፎ ወጣ።

«ምነው? ምን አልኩት?» ይላል አርታኢው ከኋላ።

«ጋሼ! ጋሼ፣ ምንም አላሉኝም እኮ!»

ግቢውን በልጆቹ መሐል አቋረጠ። አንዱ ኳሱን በብብቱ ይዞ «ደህና ይዋሉ አባባ!» አለው። ለእሱም አልመለሰለትም፤ የውጪውን በር ገፍቶ ሄደ።