እምቢ የሚባለው ቤተሰብ

በዚያ ከተማ የሁሉም ሰው የቤተሰብ ስም በ«ር» ይጀምራል፤ ሬዶንዶ፣ ሮንካል፣ ሪቤራ። ስፔኖች ድሮ ለሕዝቡ ስም ሲያድሉ ለከተማው የደረሰው ፊደል እሱ ነበር። ሰዉም ራሱ መርጦ ያመጣው ይመስል እስከ ዛሬ ይኮራበታል። አንድ ቤተሰብ ብቻ «ሀቦ» ይባላል። ሀቦ በአገሬው በቢኮል ቋንቋ «እምቢ» ማለት ነው። እስቲ አስቡት! ፔታንግ ሀቦ ልጅ ሳለች ትምህርት ቤት ስሟ በተጠራ ቁጥር ክፍሉ በሳቅ ይፈርስ ነበር። አሁን ሃምሳ ዓመቷ ነው፤ ገበያ ላይ ደረቅ ዓሣዋን ዘርግታ ስትቀመጥ ዛሬም «ማናይ እምቢ፣ ትሸጪልኛለሽ ወይስ እምቢ?» የሚላት ቀልደኛ አይጠፋም፤ «ማናይ» እዚያ አገር «እትዬ» ማለት ነው።

ይኸን ስም ያመጣባቸው ምንጅላቷ ከከተማው መካነ መቃብር ግንብ ውጭ ነው የተቀበረው። ሌባ ነበር ይባላል። በሙታን ቀን ዘመዶቹ ከግንቡ ውጭ ሻማ ያበሩና አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ።

ዘንድሮ መንገድ ሊሰፋ ሆነ፤ ከግንቡ ውጭ ያለውን የምንጅላቷን መቃብር ዶዘር ሊያርሰው ነው። ፔታንግ የበዓል ኮሚቴው ሊቀመንበር ዘንድ ሄደች።

«ዶን ሩፎ፣ አጽሙን ወደ ውስጥ ያስገቡልን።»

«ምን ችግር አለው ማናይ ፔታንግ!» አለ ዶን ሩፎ ሬዶንዶ፣ ቸርነቱ ራሱን እያስደሰተው። «ለሙታን ቀን አዲስ ድንጋይ ከምናቆምላቸው የከተማው መሥራቾች ተርታ እናሳርፈዋለን። በዚያ ስም ግን አይሆንም፤ እንግዳ መጥቶ ይሳቅብን? ሬዶንዶ በይው፣ ሮንካል በይው፣ አንዱን ምረጪ። ለሌባ ከዚህ በላይ ምን ይደረግለት? ካልሆነ ዶዘሩ አለ።»

ፔታንግ መጀመሪያ የምትቀብረውን ሰው ማወቅ አለባት ብላ የአባቷ አክስት ሎላ ኢሲንግ ዘንድ ገሰገሰች።

«ሎላ፣ ሰውየው የሰረቀው ምንድን ነው?»

«እሱ?» ሎላ ኢሲንግ ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። «ዶሮም አልሰረቀ! ወታደርና ቄስ ሆነው ሕዝቡን አሰለፉና ስም ምረጥ አሉት። 'ሀቦ' አለ። ደግመው ጠየቁት። 'ሀቦ አልኩ እኮ!' አለ። ጸሐፊው የማኒላ ሰው፣ ቋንቋችንን ከየት ይወቀው? ስሙ መስሎት ጻፈው። ቄሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲያነበው ሕዝቡ በሳቅ አለቀ። ለቄሱና ለወታደሮቹ ነገሩ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። እየገረፉ፣ ቀይር አሉት። ምን ያለ ይመስልሻል?»

«ሀቦ።»

«እሱን እንዳለ ሞተ። የመካነ መቃብሩን በር ዘጉበት።»

«ሌባ ያለውስ ማን ነው?»

«እኛው ነን። ነገሩን የማያውቁ ሌሎች ወታደሮች ልጆቿን ሊነጥቋት ሲመጡ፣ ሚስቱ 'ባሌ ሌባ ነበር፣ የሞተውም በዚያ ነው' ብላ አለቀሰች። ሌባ ከሆነስ ብለው ተዉአት። እምቢ ያለን ሰው ግን ዘሩንም አይምሩም ነበር። ከዚያ ልጆቹ ውሸቱን አመኑት። እኔ ከአያቴ ሰማሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ? አፍረሽበት ነበራ!»

ፔታንግ በንዴት እያለቀሰች ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሃምሳ ዓመት ሙሉ፣ በዚህ ሰው አፍራ!

ድንጋይ ጠራቢው ለሥራ ከማኒላ የመጣ ሰው ነበር። ዶን ሩፎ «የመረጠችውን ስም ጻፍላት» ብሎት፣ እርግጠኛ ሆኖ ወደ ምሳው ሄደ።

«የትኛው ይሁን እመቤቴ?» አለ ጠራቢው።

«ሀቦ።»

«አጭር ነው፣ ያምራል» አለና መሮውን አነሳ።

የሙታን ቀን ከተማው ሁሉ ተሰበሰበ። ዶን ሩፎ ከድንጋዮቹ ላይ ጨርቁን እየገፈፈ በኩራት ጮኾ ያነብባል። ሬዶንዶ። ሮንካል። ሪቤራ። ሀቦ።

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ፈነዳ። ቀድማ የሳቀችው ራሷ ፔታንግ ነበረች።

«ይፋቅ! አሁኑኑ ይፋቅ!» ዶን ሩፎ በርበሬ መሰለ። ፔታንግ ግን ሄዳ ድንጋዩን ተደግፋ ቆመች። ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ማናይ ፔታንግ፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ። በእናትሽ፣ ስሙን ቀይሪው።»

«ሀቦ» አለች፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟን ጮክ ብላ።