የመምሬ ደረሰ አጭር ቡራኬ

መምሬ ደረሰ ዝም ያሉበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው በፎገራ ሜዳ ላይ አይገኝም። ሰው ሲሞት ያጽናናሉ፤ ሰው ሲጣላ ያስታርቃሉ። የእርቁን ጥቅም ከአዳምና ከሔዋን ጀምረው ስለሚያስረዱ፣ ተጣልተው የመጡት ሰዎች ቶሎ ወደ ቤታቸው ለመሄድ ሲሉ ይሳሳማሉ። ባላገሩ "የመምሬን ምክር የሰማ በሬ ሁለት ቀን አያርስም" እያለ ያማቸዋል። ሐሜቱ ጆሯቸው ሲደርስም መምሬ አልተቆጡም፤ እውነት መሆኑን በሰፊው አብራርተው ሰውን አሰለቹት።

ከሁሉ የሚብሰው የማዕድ ቡራኬያቸው ነው። በእሳቸው ቤት ምግብ ይሁን፣ አዲስ ልብስ ይሁን፣ ከገበያ የመጣ ጀበና ይሁን፣ መምሬ መስቀላቸውን አውጥተው ሳይባርኩ ማንም እጁን አይሰድም። ቡራኬው ደግሞ አያልቅም። ለዝናሙ፣ ለርብ ወንዝ በልኩ መሙላት፣ ለሩዙ፣ ለከብቱ፣ ለመንገደኛው፣ ለታመመው፣ ለሹማምንቱ ልቦና ሲጸለይ ወጡ ይረጋል። ድመቷ እንኳ ደንቡን ስለምታውቅ "አሜን" እስኪባል ወደ ገበታው አትጠጋም።

ይህን ደንብ ከቤቱ ሁሉ አጥብቃ የምትጠብቀው የልጅ ልጃቸው ትርሲት ናት። ስምንት ዓመቷ ነው፤ አትናገርም። መስማቱን ትሰማለች፤ ጥጃ ሲጮህ የማን ጥጃ እንደሆነ ለይታ በጣቷ ታሳያለች። ከአፏ ግን ከ"እእ" ሌላ ወጥቶ አያውቅም። መቀመጡም፣ መሄዱም ዘግይቶባት ነበር። እናቷ ሠርካለም ወረታ ከተማ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ስለምትሠራ፣ ቀኑን የምትውለው ከአያቷ ጋር ነው። ቃል ያልተሰጣትን ልጅ ቃል ከተረፈው ሰው ጋር ማዋል እንግዲህ የእግዜር ጨዋታ መሆን አለበት። መምሬ ይጠይቋታል፤ እሷን ሆነው ይመልሳሉ፤ ከዚያ በመልሷ ላይ ይከራከሯታል። ጣራ ገዳም ወስደው አስጸልየውላታል፤ ወንዛዬ ፍል ውሃ ሰባት ቀን አስገብተዋታል። ከወንዛዬ ያገኘችው ትርፍ ንጹሕ ገላ ብቻ ነው።

አንጀታቸውን የሚያሳርራቸው የትምህርት ቤቱ ነገር ነው። ሁለት ዓመት በተከታታይ አንደኛ ክፍል ሊያስመዘግቧት ወረታ ወስደዋት፣ ሁለቱንም ጊዜ ርእሰ መምህሩ አቶ አብዱልአሊም በትሕትና መልሰዋቸዋል።

"መምሬ፣ መናገር ስትጀምር ያምጧት። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል፣ ይግባት አይግባት መምህሯ በምን ታውቃለች?"

ሰውየው ክፉ አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ መምሬ ረግመዋቸው ይገላገሉ ነበር።

ዘንድሮ ነሐሴ መጨረሻ ላይ አቶ አብዱልአሊም ራሳቸው ስልክ ደወሉ። ከባሕር ዳር አንዲት ባለሙያ መጥታለች፤ መናገር የማይሆንላቸውን ልጆች ያለ አንዳች ቃል፣ በሥዕልና በቁራጭ ብቻ የምትፈትን ናት፤ ትርሲት ካለፈች መስከረም ላይ ትገባለች፤ ከወደቀች ግን ባለሙያዋ የምትመለሰው የዛሬ ዓመት ነው።

"ያለ ቃል?" አሉ መምሬ። "ኧረ ምን ያለ ጉድ ነው! ያለ ቃል ሰው ምን ይሠራል?" እያሉ አሥር ደቂቃ ያህል ስለ ቃል ጥቅም ተናገሩ። አቶ አብዱልአሊም ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ሌላ ሥራ ሠሩ።

በማግስቱ መምሬ ልጅቷን አስከትለው ሄዱ። ባለሙያዋ እየሩስ ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ አንገቷ ላይ ማተብ አስራለች። ገና ሳይቀመጡ ሕጉን ነገረቻቸው።

"አባ፣ ፈተናው ሲጀመር እኔም አልናገርም፤ የማሳያት በእጄና በዓይኔ ነው። ብቻዋን እንዳትፈራ እርስዎ ከኋላዋ ግድግዳው ጋ ይቀመጣሉ። ከቤተሰብ አንድ ቃል ከወጣ ግን ወረቀቱ ይሰረዛል። አምስት ዜሮ በተከታታይ ካገኘችም እዚያው ላይ ይቆማል።"

"አንድ ቃል?"

"አንድ።"

"አይዞሽ ማለትስ?"

"እሱም ቃል ነው አባ።"

"እህህ ብዬ ጉሮሮዬን ብጠርግስ?"

ምስክር ሆነው ጥግ ላይ የተቀመጡት አቶ አብዱልአሊም ሳቃቸውን ለመደበቅ ሰዓታቸውን አዩ። "መምሬ፣ ፈተናው የከበደው ለእርስዎ ነው" አሉ።

"ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰሙም? ዛሬ ያዩኛል!" አሉና መምሬ የጋቢያቸውን ጫፍ አጣጥፈው እንደ ልጓም በጥርሳቸው ነከሱ።

እየሩስ አንድ ሰሌዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ቅርጾች በመስመር ተደርድረውበታል፤ የመጨረሻው ቦታ ባዶ ነው። ከሥሩ ለባዶው ቦታ የሚሆነው ተመርጦ የሚነሣባቸው አምስት ቁራጮች አሉ። እጇን በቅርጾቹ ላይ አሳለፈች፤ ባዶውን ቦታ ነካ አደረገች፤ ቅንድቧን ሰቅላ ወደ ቁራጮቹ አመለከተች። ከዚያ እጇን ሰብስባ ጠበቀች።

ትርሲት ሰሌዳውን አየች። ቁራጮቹን አንድ በአንድ አየች። ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ቁጭ አለች።

ጊዜው አለቀ፤ እየሩስ ወረቀቷ ላይ ዜሮ ጻፈች።

ሁለተኛው ሰሌዳ መጣ። ትርሲት አየችው፤ እጇን እንዳጣጠፈች ዞር ብላ አያቷን አየች። ዜሮ። ሦስተኛውም እንዲሁ። በመምሬ ሆድ ውስጥ "አንሺው እንጂ ልጄ!" የሚል ቃል ተጸንሶ፣ ተወልዶ፣ ጢም አብቅሎ ጉሮሯቸው ድረስ መጣ። ጋቢውን ጠበቅ አድርገው ነከሱት። ከጠምጠሚያቸው ሥር ላብ ወረደ። ቢናገሩ ወረቀቱ ይሰረዛል፤ ዝም ቢሉ ልጅቷ በዜሮ ትወድቃለች። በዕድሜያቸው ሙሉ ቃል የማይፈታው ችግር ገጥሟቸው አያውቅም ነበር። አሁን ገጠማቸውና ፈሩ።

አራተኛውም ዜሮ ሆነ።

ትርሲት ደግማ ዞረች። በዚህ ጊዜ መምሬ ዓይኗን ልብ ብለው አዩት። የምታየው ፊታቸውን አይደለም። ደረታቸውን ነው፤ ከጋቢው ሥር መስቀላቸው የሚቀመጥበትን ኪስ። ይህን አስተያየት ያውቁታል። በየቀኑ ገበታ ላይ፣ ወጡ ከፊቷ እየበረደ፣ ምራቋን እየዋጠች የምታያቸው አስተያየት ነው።

አልተባረከም!

ልጅቷ አዲስ ነገር ቀርቦላት፣ ያውም አያቷ እዚያው ተቀምጠው፣ ሳይባረክ እንዴት ትንካ? ስምንት ዓመት ሙሉ ያስተማሯት ይህንኑ አይደለም ወይ? እነዚያ አራት ዜሮዎች የእሷ አልነበሩም። የመምሬ ደረሰ የራሳቸው ነበሩ፤ እንደ አራት ድንጋይ ደረታቸው ላይ ተቀመጡባቸው።

እየሩስ አምስተኛውን ሰሌዳ ስትዘረጋ መምሬ ብድግ አሉ። እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ፤ መስቀሉ ከመነጽራቸው ክር ጋር ተጠላልፎ አልወጣ አለ። ሲጎትቱት መነጽሩ ወለሉ ላይ ወደቀ። ይውደቅ! ጋቢውን በጥርሳቸው እንደያዙ፣ መስቀሉን ከፍ አድርገው፣ በጠረጴዛውና በሰሌዳው በልጅቷም ላይ ሦስት ጊዜ አማተቡ። ዝናሙ ሳይነሣ፣ ርብም ሳይነሣ፣ ሹማምንቱም ሳይታሰቡ ቡራኬው አለቀ። በአርባ ዓመት ክህነታቸው እንዲህ ያለ አጭር ቡራኬ ባርከው አያውቁም።

እየሩስ ልትቆጣ ቀና አለች። ነገር ግን መስቀል ሲያይ ዝቅ ማለት የለመደ አንገቷ ሳታስበው ዝቅ አለ። አቶ አብዱልአሊምም ነገሩ ባይመለከታቸውም በጨዋ ደንብ አቀርቅረው ጠበቁ።

ትርሲት እጇን ሰደደች።

አምስተኛውን ቁራጭ አነሣችና ባዶው ቦታ ላይ አስቀመጠች። ቀጣዩን፣ ደግሞ ቀጣዩን። እየሩስ ሰሌዳ አውጥታ ሳትጨርስ ልጅቷ ትጨርሳለች። ሥዕሎቹ እየተወሳሰቡ ሄዱ፤ የትርሲት ምላስ በከንፈሯ ጥግ ብቅ አለ እንጂ እጇ አልዘገየም። በመሐል አንድ ሰሌዳ ላይ መምሬ ከሩቅ ሆነው መልሱ ሦስተኛው እንደሆነ ቆርጠው ነበር፤ እሷ አራተኛውን አነሣች። ጋቢው ባይኖር ኖሮ የዚያን ጊዜ ሁሉም ነገር በአንድ ቃል ይበላሽ ነበር። ሁሉም ሲያልቅ እየሩስ እነዚያን የመጀመሪያ አራት ሰሌዳዎች መልሳ አቀረበች። አራቱም ተሠሩ።

"አሁን መናገር ይቻላል" አለች እየሩስ።

"ሦስተኛው ነው!" አሉ መምሬ። የግድብ አፍ የተከፈተ ያህል ነበር። "ያች የመስመር ሥዕል መልሷ ሦስተኛው ነው! ቀኝ የነበረው ግራ ይሆናል፤ ግራ የነበረው..."

"አራተኛው ነው አባ።"

"እንዴት ተደርጎ! ነይ እስቲ አንች ልጅ፣ እንከራከር!"

ሩብ ሰዓት ያህል ከእየሩስ ጋር ተከራከሩ። ትርሲት ሁለቱንም ስታይ ቆይታ ከወንበሯ ወረደች። ከወለሉ ላይ መነጽራቸውን አነሣች፤ በቀሚሷ ጠረገችና አያቷ አፍንጫ ላይ ሰካችላቸው። ከዚያ አመልካች ጣታቸውን ይዛ ሰሌዳው ላይ አስቀመጠችና በመስመሩ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነዳችው። መስመሩ በየሥዕሉ አንድ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ በመጨረሻው ላይ መዞር ያለበት ወደ ላይ ነው።

"አሃ" አሉ መምሬ።

እየሩስ ስለዚያ ማማተብ ጠየቀቻቸው። ረዘም አድርገው አስረዷት፤ እሷም አላቋረጠቻቸውም። "አባ፣ ዜሮ ስጽፍ አልገባትም ብዬ ነበር" አለች። "ለካ ፈቃድ እየጠበቀች ነው።" ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ሁለት መስመር ጻፈችና ለአቶ አብዱልአሊም ሰጠቻቸው። "ከእድሜ እኩዮቿ ትበልጣለች። ስሟን ይመዝግቡ።"

አቶ አብዱልአሊም ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። "ሁለት ዓመት በድዬሻለሁ ልጄ" አሉ፤ የተናገሩት ለትርሲት እንጂ ለመምሬ አልነበረም። መምሬ ማልቀሳቸውን ለመሸሸግ ስለ ሩዝ ዋጋ ማውራት ጀመሩ።

ነገሩ በዚህ አላለቀም። መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር ትርሲት ደብተሯን አልከፍት አለች። እጇን አጣጥፋ መስኮት መስኮቱን ታያለች። መምህርቷ ዘይነብ ምክንያቱን ሰምታ ስለነበር ለመምሬ መልእክት ላከችላቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ መምሬ በየጠዋቱ ከቅዳሴ መልስ ሜዳውን አቋርጠው ይመጣሉ፤ በመስኮቱ በኩል መስቀላቸውን ብቅ አድርገው ያለ አንድ ቃል ያማትባሉ፤ ትርሲትም ደብተሯን ትገልጣለች። መናገርን መምህርት ዘይነብ አጥብቃ ከልክላቸዋለች። በሁለተኛው ሳምንት አጠገቧ ያሉት ልጆች አብረዋት መጠበቅ ጀመሩ፤ በሦስተኛው ሳምንት ስልሳውም። መስቀሉ ብቅ ሲል ግማሹ ያማትባል፤ ሙስሊሞቹ ልጆች በዚያው ቅጽበት "ቢስሚላህ" ይላሉ፤ ስልሳ ደብተር በአንድ ጊዜ ይገለጣል። አቶ አብዱልአሊም ከመጡ ጀምሮ ክፍሉ በሰዓቱ ሲጀምር ያዩት ገና አሁን ነው።

ታዲያ ጥቅምት ውስጥ አንድ ቀን ጠዋት መምሬ መንገድ ላይ ሁለት ጎረቤታሞች ሲጣሉ አገኙ፤ አንዱ የሩዝ ማሳውን ውሃ በሌላው ላይ ለቆበታል። ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነላቸውም። ከአዳምና ከሔዋን ጀመሩ። ኖኅ ጋ ሲደርሱ ፀሐዩን ቀና ብለው አዩና ደነገጡ።

"ተሳሳሙ! ሳመው አልኩህ! የቀረውን ማታ እነግራችኋለሁ!" ብለው ጋቢያቸውን ሰብስበው ሮጡ። ስልሳ ልጅ በእሳቸው ምላስ ጦስ እጁን አጣጥፎ እንደተቀመጠ፣ መምህርት ዘይነብም ከእንግዲህ ይህች ልጅ ትቅርብኝ እንዳለች፣ እየሮጡ ሳሉ ቁልጭ ብሎ ታያቸው።

እያለከለኩ መስኮቱ ጋ ደረሱ።

ትርሲት ከመቀመጫዋ ተነሥታ ቆማ ነበር። ባዶ እጇን ከፍ አድርጋ፣ በክፍሉ ላይ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ መሐል፣ ሦስት ጊዜ አማተበች። ግማሹ ልጅ አማተበ፤ ሌላው "ቢስሚላህ" አለ፤ ስልሳ ደብተር ተገለጠ። መምህርት ዘይነብ ወደ ሰሌዳው ዞራ መጻፍ ጀመረች።

መምሬ አፋቸውን ከፈቱ። ክህነት የሌለው ሰው አይባርክም፤ ይልቁንም ሴት፤ ይልቁንም ሕፃን። ለዚህ የሚሆን ቃል ሞልቷቸዋል፤ ተሰልፎ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ቆሟል።

ትርሲት ልትቀመጥ ስትል መስኮቱ ላይ አየቻቸው። ላባቸውን፣ የተጣመመ ጠምጠሚያቸውን፣ የተከፈተ አፋቸውን አየች። እጇን እንደገና አነሣችና ለመስኮቱም አንድ ጨመረች።

አርባ ዓመት ሲባርኩ የኖሩት ሰው አንገታቸውን ደፉ።

"አሜን" አሉ፤ ሌላም አልጨመሩ።