ሰው የሌለበት ሳሎን

ስለ ዘመናዊ ቤቶች የተጻፈው መጽሐፍ ዱሉዝ ከተማ፣ ኢንግሪድ ቤት ሲደርስ ባሏ ሃርላን ከሞተ ሦስት ወሩ ነበር። የራሳቸው ሳሎን ያለበትን ገጽ ገለጠች።

ያ ጉደኛ ፎቶ አንሺ ሳሎኑን ለመጽሐፉ ሊያነሣ የመጣ ዕለት የሃርላንን ነጠላ ጫማ፣ ጋዜጣውን፣ የመድኃኒት ብልቃጡን ሁሉ አስነሣ። አልበቃውም፤ «ሰው ካለበት የቤቱ ቅርጽ አይታይም» ብሎ ሃርላንን ከነተሽከርካሪ ወንበሩ አስወጣው።

«በገዛ ቤቴ ኮተት ሆንኩ አይደል?» አለ ሃርላን እየሳቀ።

«አንተ ደግሞ አታካብድ! ለአፍታ ነው» ብላ በረንዳ ድረስ የገፋችው ራሷ ኢንግሪድ ናት። በዚያ ብርድ ካፖርቱን እንኳ አልደረበችለትም።

አሁን በፎቶው ላይ፣ በመስኮቱ መስታወት ውስጥ ጥላው ይኖር እንደሆነ ዓይኗን አስጠግታ ፈለገች። የለም። ቀና ስትል ሳሎኑ ቁርጥ ፎቶውን መስሎ ጠበቃት።